ለአባትህ የከፈትነው መስኮት

ውድ ባለቤቴ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ ልጀምር አልኩና ተውኩት፤ እንደምን እንደሰነበትክ ትናንት በስልክ ነግረኸኛል። ምግቡ ተስማምቶሃል፣ እንቅልፍህ ጥሩ ነው፣ የመንገዱም ሥራ እየተፋጠነ ነው። ተመስገን። እኛ እንዴት እንደሰነበትን ልነግርህ ስጀምር ግን «ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው» አልከኝ። ይገርመኛል፤ ስለ መስኮቱ ስትጠይቅ ጥርት ብሎ የሚሰማው ስልክ፣ እኔ ስለ አቧራው አፌን ስከፍት ይቆራረጣል። መልእክት ብጽፍልህም አውራ ጣት ልከህ ዝም ትላለህ። ስለዚህ በወረቀት መጣሁብህ። ወደ ካምፓችሁ ዕቃ የሚያመላልሰው ሹፌር በእጅህ እንዲሰጥህ አደራ ብዬዋለሁ።

ሌላም ምክንያት አለኝ። እዚህ ቤት ውስጥ ምስጢር የሚወራበት ቦታ አልተረፈም። በሳሎኑና በማድቤቱ መካከል የነበረውን ግድግዳ አስፈርሰሃል፤ የኮሪደሩም አብሮ ሄዷል። እኔ ማድቤት ሆኜ በረጅሙ ስተነፍስ አባትህ ሶፋቸው ላይ ሆነው «ምነው ልጄ?» ይሉኛል። የምጽፍልህ ደግሞ እሳቸው እንዲሰሙት የማልፈልገውን ነገር ነው። «እንዳትነግሪው» ብለውኛል፤ እኔም እሺ ብያለሁ። ይኸው ቃሌን አጥፌ ልነግርህ ነው።

ግን መጀመሪያ የሆዴን ልተንፍስ፤ አለዚያ ወደ ዋናው ነገር አልደርስም። ምድጃው መኝታ ቤታችን ገብቷል። ሸሚዞችህ ሁሉ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታሉ፤ ስትመጣ እንዳትጠይቀኝ። ልጃችን የቤት ሥራዋን የምትሠራው መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ጠረጴዛ አድርጋ ነው። የሚዘጋ በር ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ ሽንት ቤት መሄድ የፈለገ ሰው ሒሳቧን እስክትጨርስ ይጠብቃል። እኔ ጥቁር ጫማ አድርጌ ከቤት እወጣለሁ፣ መሥሪያ ቤት ስደርስ ነጭ ሆኖ አገኘዋለሁ። አለቃዬ ባለፈው «ዱቄት ፋብሪካ ተቀጠርሽ እንዴ?» ብላ አሳቀችብኝ። አብሬ ሳቅኩ። ምን ላድርግ?

ግንበኛህንማ ተወው። ልጅህ «አቶ ነገ» የሚል ስም አውጥታለታለች። መስታወቱ መቼ ይመጣል? ነገ። ይሄ የአሸዋ ክምር ከበሩ ላይ መቼ ይነሳል? ነገ። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አልቆ ጮህኩበት። ሰውዬው ተረጋግቶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«እትዬ፣ እኔ ምን ላድርግ? ባለቤትዎ ደውለው መስኮቱ እንደገና ይስፋ ብለዋል። የሠራሁትን ማፍረስ ነው የያዝኩት።»

እኔ የማላውቀውን! አቧራውን የምውጠው እኔ፣ መስኮቱን የምታሰፋው አንተ። በሳምንቱ ይሁን በወሩ አንዴ እንኳ ብቅ ብለህ ሳታይ፣ ካምፕ ቁጭ ብለህ በስልክ ታፈርሳለህ፣ በስልክ ትሠራለህ። ያን ቀን ደሜ ፈልቶ ልደውልልህ ስልኩን አንስቼ ነበር፤ አባትህ አጠገቤ ስለነበሩ መልሼ አስቀመጥኩት።

ደግሞ አታስታውሰኝ፤ ሁሉም ነገር ለእሳቸው ተብሎ እንደተጀመረ አውቃለሁ። እናትህ ካረፉ በኋላ አባትህ እኛ ጋ ሲመጡ ደስ ነበር ያለኝ፤ አሁንም ደስ ይለኛል። ከትንሽ ጊዜ በኋላ ግን «ይሄ ቤት ምነው እንዲህ ጨለመ?» ማለት ጀመሩ። አንተ አምፖሎቹን በሙሉ ቀየርክ። «አሁንም ጨለማ ነው» አሉ። ግድግዳውን ነጭ ቀለም አስቀባህ። በሁለተኛው ቀን አሁንም ጨለማ ነው አሉ። ከዚያ በኋላ ነው ያ ታላቁ ሐሳብ የመጣልህ። «አባዬ ዕድሜውን ሙሉ መስኮት ሥር ተቀምጦ ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ጨለማ ቤት ውስጥ አስገብቼ አልቀብረውም» አልክ። ግድግዳው ይውደቅ፣ መስኮቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይከፈት፣ ቤቱ በብርሃን ይሙላ! ስትናገር ዓይንህ እንባ አቅርሮ ስለነበር አፌን ዘጋሁ።

ግድግዳው ወደቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባትህ ከሶፋው መነሳት ተዉ። ወደ ገበታ ኑ ስላቸው «እዚሁ አምጭልኝ፣ ምን አደከመሽ?» ይላሉ። አስቀድሞ ራሳቸው ይሄዱበት ወደነበረው መታጠቢያ ቤት ለመሄድ ልጅቷን ይጠራሉ። ሻዩን አዲሱ ሴራሚክ ላይ ደፉት። ቀለም ያልደረቀ በር ላይ ተደግፈው ኮታቸው ተበላሸ፤ ልብስ ሰፊ ሰው፣ እንዲህ ለልብስ የሚጠነቀቅ ሰው! እኔ ምን መሰለኝ? ያኮረፉ መሰለኝ። «ለእሳቸው ብለን አፈር እየበላን ጭራሽ ይኮርፉናል» እያልኩ ድስቱን ሳንኳኳው ነበር የከረምኩት።

አሁን የባለፈውን ማክሰኞ ልንገርህ። ልክ እንደ ትናንት ሁሉ ያንንም ቀን ስትደውል ደስ ብሎህ ነበር። የመስኮቱ ፍሬም ገብቷል፤ መስታወቱ አልመጣም፤ መቼም ነገ ነው። ከመንገዱ የሚገባው አቧራ ሲያስመርረኝ ግንበኛውን የጭነት መኪና ሸራ፣ ያንን ወፍራሙን፣ ከዳር እስከ ዳር አስቸነከርኩት። የሳሎኑ መብራት ደግሞ ለአዲሱ መስመር ተብሎ ተቆርጧል። ከቀትር በኋላ ነው፣ ውጭው ፀሐይ ነው፣ እኛ ግን ሳሎን ውስጥ በስልክ መብራት ነበር የምንተያየው። ደወልክ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን አባትህ ፊት ያዝኩላቸው።

«አባዬ! መስኮቱ ተከፈተ አሉኝ። ብርሃኑ እንዴት ነው?»

አባትህ ሸራው ሲቸነከር ድምፁን ወደሰሙበት በኩል ፊታቸውን አዞሩ። ፈገግ አሉ።

«እሰይ የኔ ልጅ! አሁን ገና ቤት ሆነ። ፀሐዩ እዚህ ጉልበቴ ድረስ ይመጣል። ተባረክ።»

ግንበኛው መዶሻውን እንደያዘ ቀረ። እኔ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። አንተ ሳቅክ። «አላልኩሽም?» አልከኝ፣ «አላልኩሽም?»፣ ከዚያም ሥራ ጠሩህና ዘጋህ።

ግንበኛውን ሻይ ጠጥተህ ና ብዬ አስወጣሁትና አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ መስኮቱ እኮ በሸራ ተሸፍኗል» አልኳቸው።

የሱሪያቸውን ስፌት በጣታቸው ተከትለው እስከ ጉልበታቸው ሄዱና ተመለሱ።

«ሙሉውን ነው የተሸፈነው?»

«ሙሉውን። ቤቱ ድቅድቅ ጨለማ ነው።»

«እንዲያ ከሆነስ ዋሽቻለሁ» አሉ። «ልጁ ደስ ይበለው ብዬ ነው።»

እንግዲህ ያኔ ነው ሁሉም ነገር የተገለጠልኝ። ሲሄዱ ሁሉን ነገር ይዳስሱ የለ? ግድግዳውን፣ የበሩን መቃን፣ የወንበሩን መደገፊያ። አንተ እንኳ «አባዬ ግድግዳውን ሱፍ ነው ጥጥ ነው እያለ ነው» ብለህ ቀልደህባቸዋል፤ የሙያ ልማድ ነው ብለን ሁላችንም ስቀናል። ለካ የሚሄዱት በእጃቸው ነበር። ከመኝታ ቤታቸው ወጥተው የኮሪደሩን ግድግዳ ይዘው ሳሎን፣ የሳሎኑን ይዘው ማድቤት። አንተ ለእሳቸው ብለህ የጣልከው መንገዳቸውን ነው።

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም አባባ?»

«ልጄ ቤቱን ለእኔ ብሎ ካፈረሰ በኋላ እንዴት ብዬ ልንገረው? ቤቱ አይደለም፣ ዓይኔ ነው ልበለው?»

«ከመፍረሱ በፊትስ?»

«ከመፍረሱ በፊትማ» አሉኝ፣ «እኔም ቤቱ መስሎኝ ነበር።»

ከዚህ በኋላ የተናገርነውን አልጽፈውም፤ ሁለታችንም አልቅሰናል።

በማግስቱ ከሥራ ቀርቼ ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። የዓይን ግፊት ነው አለች ሐኪሟ። ከዳር ከዳር እየበላ የሚሄድ ነው፣ አያምም፣ ባለቤቱ ራሱ ሳያውቀው ብዙ ይሄዳል። የጠፋው አይመለስም። የቀረውን፣ ያችን መሐል ላይ ያለችውን ጭላንጭል፣ በየቀኑ ጠብታ እየተደረገላቸው ማቆየት ይቻላል። ከዚያ ደግሞ ምክር ልትሰጠኝ ዞር ብላ፣ «ዋናው ነገር፣ ቤት ውስጥ ምንም ነገር አትቀይሩ። የለመዱት ሁሉ እንደነበረ ይሁን» አለችኝ። ሳቄ መጣ። እውነቴን ነው፣ ማቆም አቅቶኝ ሐኪሟ ፊት ተንከተከትኩ። አባትህም ገባቸውና አብረውኝ ሳቁ። ሴትዮዋ ሁለታችንም ሌላ ሐኪም የሚያስፈልገን ሳይመስላት አልቀረም።

ቤት ስንመለስ ሳቁ አልቋል። ቦርሳዬን አዘጋጂልኝ አሉኝ። እህትህ ጋ መሄድ ፈልገዋል፤ እዚያ ክፍሎቹ ጠባብ ናቸው፣ ሁሉም ነገር እጅ ላይ ነው። «እዚህ መሐል ሜዳ ላይ እንደተጣለ ሰው ሆኛለሁ። እሱ ደግሞ ይሄን ሁሉ ለእኔ ብሎ ለፍቶ፣ ቢሰማ ልቡ ይሰበራል። እህቱ ናፍቃኝ ነው የሄድኩት በይው፤ እንዳትነግሪው» አሉኝ። ቦርሳው ይኸው አሁን ከሶፋው አጠገብ ተቀምጧል።

እኔ ግን ዝም ብዬ አልሸኛቸውም። ስምንት ጊዜ ሐሳብህን ስትቀይር ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ የቻልኩት እኔ አሁን ተራዬ ነው። ግንበኛውን ጠርቼ ግድግዳውን መልስልኝ አልኩት።

«ባለቤትዎ ሳያውቁ?» አለኝ።

«እዚህ ያለሁት እኔ ነኝ» አልኩት።

ሙሉ ግድግዳ አይደለም፤ ደግሞ መስኮቴን ገደልሽብኝ እንዳትል። የአባትህ እጅ ሲዘረጋ እስከሚያርፍበት ድረስ ብቻ ነው። ከፍታውን ለማወቅ አስነስተን አቆምናቸው፤ ግንበኛው ሜትሩን ይዞ ከጎናቸው ሲንበረከክ «ሰው ስለካ ኖሬ ዛሬ ደግሞ እኔ ተለካሁ» ብለው ቀለዱ። ግድግዳው ከወደቀ ወዲህ ሲቀልዱ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። አዲሱ ግድግዳ ከመኝታ ቤታቸው በር ይነሳና ኮሪደሩን ይዞ፣ ሳሎኑን በዳር አልፎ ማድቤት ይገባል። አያምርም፤ የከብት በረት አጥር ነው የሚመስለው። ያሰብከው ሰፊ ቤት ቀርቷል። ከፈለግክ ተቆጣ፤ ግን እዚያው ካምፕህ ተቆጥተህ ጨርሰህ ና።

እኔም ተቆጥቻለሁና እወቀው። በአቧራው አይደለም፤ አቧራው ይጠረጋል። አምፖል ቀየርክ፣ ቀለም አስቀባህ፣ ግድግዳ ጣልክ፤ አንድ ቀን ግን አጠገባቸው ተቀምጠህ «ምኑ ነው የጨለመብህ አባዬ?» ብለህ አልጠየቅካቸውም። የምትወደውን ሰው ሁሉ በሥራ ነው የምትወደው፤ ሥራውን ደግሞ ከሩቅ ሆነህ ነው የምታዝዘው። እኔንም እንደዚያው ነው የምትወደኝ። ይህን ልነግርህ ስንት ጊዜ አፌ ላይ መጥቶ ተመልሷል፤ ይኸው ዛሬ ጻፍኩት።

አባትህ ግድግዳው እስኪደርቅ እቆያለሁ ብለዋል። ከዚያ በኋላ የሚቆዩት በእኔ ልመና አይመስለኝም። የሚፈሩት ጨለማውን አይደለም፤ አንተን ነው፤ የለፋኸውን ሁሉ ከንቱ ያደረጉብህ መስሏቸዋል። ይሄን ከሆዳቸው ማውጣት የምትችለው አንተ ብቻ ነህ፣ በስልክም አይሆንም። ለአለቆችህ የምትለውን በላቸውና ቅዳሜ ና።

ስትመጣ ሁለት ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ስለ ብርሃኑ አትጠይቃቸው፤ አሁንም ላንተ ብለው ይዋሻሉ። ደግሞ እንደ ልማድህ በሩ ላይ ቆመህ፣ ሻንጣህን ይዘህ፣ እስኪያዩህ እየሳቅክ አትጠብቃቸው። አያዩህም። ገና ደረጃው ላይ ሳለህ ጮክ ብለህ «አባዬ፣ እኔ ነኝ» በል።

በብዙ የተናደደችብህና የምትጠብቅህ
ባለቤትህ