ከካዛንቺሱ መጋረጃ የተረፈው ጨርቅ

ጃለኔ፣

እማዬ ብሶባታል ተብዬ ወደ ሆስፒታል እየሮጥኩ ነው። ያ ከድሮ ጎረቤቶቿ ቀሚስ የምሰፋላት አልጋ ልብስ አንድ ክብ ብቻ ቀርቶታል። እባክሽ አንቺ ቁረጪልኝ።

ጨርቁ ጠረጴዛው ላይ ነው። ካዛንቺስ ቤታችን ሳይፈርስ የነበረው መጋረጃ ነው፤ ሌላ የለኝም። ቅድም ለአራት አጥፌ ስቆርጠው ተንሸራቶ እንቁላል መሰለ። አንቺ እንዳታጥፊው! የወተቱን ጣሳ ክዳን አስቀምጪበትና በሳሙና ስባሪ ዙሪያውን አስምሪ። ከመስመሩ ግማሽ ጣት ያህል አስፍተሽ ቁረጪ፣ ለስፌት ነው። መቀሱን አታዙሪ፣ ጨርቁን አዙሪ።

መቀሱ ደንዟል። በልብስ መቀስ ዶሮ አይበለትም ብዬሽ ነበር…
በቃ፣ ተይው።
ትናንት የጮህኩብሽ ለመቀሱ ብዬ አይደለም።

እንደቆረጥሽ ከነአልጋ ልብሱ ይዘሽልኝ ነይ፣ እዚያው አጠገቧ ሆኜ እሰፋዋለሁ። ደምበል ጋ ታክሲ ካጣሽ በእግርሽም ቢሆን ነይ።

እማዬ ጠዋት በስልክ፣ "ሉሊዬ ጨለመብኝ፣ መጋረጃውን ክፈቺልኝ" አለችኝ።

መጣሁ፣ እከፍትልሻለሁ አልኳት።

ሉሊ