ሪባኑ እስኪቆረጥ የተቆለፈው የንባብ ክፍል

ለ«ቦርከና ዳር» የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ
ከሚሴ

ክቡር ሆይ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ የቢሮዎ ሠራተኞች እንዲሁም በመግቢያው ላይ የተሰቀለው ትልቁ ባነር በመልካም ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል፤ ሕመሙ ግን ደጃፍዎ ካለው ድንጋይ ላይ ረጅም ሰዓት ከመቀመጥ የመጣ ስለሆነ፣ ለቤተ መጻሕፍቱ ያለኝን ቅርበት እንደሚያሳይ ማስረጃ ይቁጠሩልኝ።

ስሜ ዓብዱልመጂድ ይማም ይባላል፤ በዚህችው ከተማ ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ደብዳቤውን በግልጽ የጻፍኩት ክቡርነትዎን ለማሳጣት አይደለም። ከዚህ ቀደም በፖስታ አሽጌ ያስገባኋቸው ደብዳቤዎች ሳይከፈቱ በጥሩ ሁኔታ እንደተቀመጡ ጸሐፊዎ ስለነገረችኝ፣ የእነሱን ዕረፍት ማወክ ባለመፈለጌ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በጥቅምት፣ ባጃጅ ላይ የተጫነ ሞንታርቦ በየሰፈሩ እየዞረ «ዕውቀት ያለው በዕውቀቱ፣ ጊዜ ያለው በጊዜው ቤተ መጻሕፍቱን ያገልግል» እያለ በአማርኛም በኦሮምኛም ሲጣራ ነው። እኔ ሁለቱም አሉኝ ብዬ በማግስቱ መጣሁ። በዚያው ዕለት ኢልሃም የምትባል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪም መጥታ ነበር። ኢልሃም ከጨፋ ሮቢት የመጣች የገበሬ ልጅ ናት፤ በሕፃንነቷ ኩፍኝ ዓይኗን አጥፍቶባታል። መጻሕፍቷን ታነብላት የነበረችው የአክስቷ ልጅ ጀነት ነበረች፤ ጀነት አግብታ ባቲ ስትገባ ኢልሃም ያለ አንባቢ ቀረች። የምትፈልገው እስከ ማጠቃለያ ፈተናው ድረስ የሚያነብላት ሰው ነበር፤ እኔ የምፈልገው ደግሞ የሚሰማኝ ሰው። ከዚህ የቀለለ የበጎ ፈቃድ ሥራ ይኖራል ብዬ አላስብም። ክቡርነትዎ ቀላል ነገር እንደማይወዱ ያኔ አላወቅሁም።

ምስጋናዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ የመምህር ልማድ ነውና ይታገሱኝ።

1ኛ. ስለ አመዘጋገባችን አመሰግናለሁ። በመሥሪያ ቤትዎ አሠራር በጎ ፈቃደኛ ማለት ወጣት ማለት እንደሆነ፣ ዕቅዱም ሪፖርቱም በወጣቶች ስም እንደሚያዝ፣ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ሊደገፍ እንጂ ሊደግፍ እንደማይችል ያስረዳችኝ ባለሙያዎ ወይዘሪት ፈይሩዝ ናት። ልጅቷ ቅን ናት፤ ልትመልሰን ስላልፈለገች መላ ዘየደች። ኢልሃምን በበጎ ፈቃደኝነት፣ እኔን በተደጋፊ አረጋዊነት መዘገበችን። ግራ ገብቶኝ ባያት «አብሽር መምህር፣ ስሙ ነው እንጂ ሥራው ያው ነው፤ እርስዎ ያንብቡ፣ እሷ ትስማ፣ ወረቀቱ የራሱን ይበል» አለችኝ። በዚህም መሠረት በሪፖርትዎ ውስጥ አንዲት ዓይነ ስውር ወጣት ለአንድ ሽማግሌ በሳምንት ሦስት ቀን መጽሐፍ ታነብለታለች። ሪፖርቱ በግምገማ ላይ ተመስግኗል ሲሉ ሰምቻለሁ። ዕድሜዬን በሙሉ ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ለኖርኩት ሰው በስተርጅና አንባቢ ስለመደቡልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

2ኛ. ስለ ጸጥታው አመሰግናለሁ። በንባብ አዳራሹ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ክልክል ነው፤ ደንቡ ትክክል ነው፣ እኔም ብሆን አወጣው ነበር። የጥበቃ ሠራተኛው አቶ አብዶ ገና ሁለት ገጽ ሳንሄድ መጥቶ፣ በትሕትና ዝቅ ብሎ «መምህር፣ እሷ በጆሮዋ እንደምትሰማ አውቃለሁ፤ እርስዎ ግን እንደ ሌላው ሰው በልብዎ ቢያነቡላትስ?» አለኝ። ለመሞከር ያህል ዝም ብዬ ብቀመጥ፣ ኢልሃም ጥቂት ታግሣ «መምህር፣ አሁን የትኛው ገጽ ላይ ደረስን?» ስትል አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። አብዶም ሳቀ። ሳቁን ከጨረሰ በኋላ አስወጣን።

3ኛ. ስለ ኋለኛው ክፍል አመሰግናለሁ፤ ይህን የምለው ያለ አሽሙር ነው። የተሰበሩ ወንበሮች ይከማቹበት የነበረውን ያንን ክፍል ስለፈቀዱልን ከኅዳር እስከ መጋቢት ታሪክንና ኢኮኖሚክስን ጨርሰናል። ኢልሃም አንድ ጊዜ የሰማችውን አትለቅም፤ ያልገባትንም አታሳልፍም። ለጂኦግራፊ በካርቶን ላይ ሲባጎ እያጣበቅኩ ካርታ ሠራሁላት፤ ወንዙን በሲባጎ፣ ተራራውን በማሽላ ፍሬ፣ ሐይቁን በጨርቅ ቁራጭ። የጨፋን ሸለቆ ሠርቼ ባመጣሁላት ቀን ቦርከናን በጣቷ ተከትላ ከጫፍ ደረሰችና «ኧረ መምህር፣ አሳጠሯት እኮ! እኔ በልጅነቴ ስሻገራት ማለቂያ አልነበራትም» አለችኝ። ሲባጎ ጨመርኩ።

በመጋቢት መጨረሻ አንድ ሰኞ ስንመጣ ቁልፉ ተቀይሯል። ክፍሉ ቀለም ተቀባ፣ ሶፋ ገባለት፣ «የበጎ ፈቃደኞች ማዕከል» የሚል ጽሑፍ ተሰቀለበት፣ በበሩ ላይ ቀይ ሪባን ተወጠረበት። የበጎ ፈቃደኞችን ማዕከል ለማቋቋም አስቀድሞ በጎ ፈቃደኞቹን ማስወጣት እንደሚያስፈልግ የተማርኩት ያን ዕለት ነው። ማዕከሉ በክብር እንግዳ ሳይመረቅ ማንም እንደማይገባበት ተነገረን፤ ይህንንም ተቀበልን። እንግዳው መጀመሪያ ስብሰባ ገጠማቸው፤ ቀጥሎ ሌላ ስብሰባ ገጠማቸው፤ በመጨረሻም ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩና የጥሪው ወረቀት ለተተኪያቸው እንደ አዲስ መጻፍ ነበረበት። ካርታዎቹ ውስጥ ቀርተዋል። አብዶ በመስኮት አሻግሮ አይቶ «አሉ መምህር፣ ሶፋው ሥር ናቸው፤ ምንም አልሆኑም» ብሎ አጽናንቶኛል። ገብቶ እንዲያወጣልን ስንለምነው ግን «ሪባኑ ከተነካ የምጠየቀው እኔ ነኝ» አለ። እውነቱን ነው፤ የሚጠየቀው እሱ ነው።

4ኛ. ስለ ፎቶግራፉ። በሚያዝያ ጎብኚዎች ሲመጡ እንድንገኝ ተጠርተን ነበር። ክፍሉ ስላልተመረቀ ከተባረርንበት አዳራሽ ውስጥ አስቀመጡን፤ በሪፖርቱ መሠረት መጽሐፉ ኢልሃም እጅ ላይ ሆነ፤ ፎቶ አንሺውም «አንቺ ገጹን ግለጪ፣ አባባ ደግሞ በጥሞና ይስሙ» እያለ አስተካከለን። ኢልሃም ወደ እኔ ዘንበል ብላ «መምህር፣ በደንብ ያዳምጡ፤ ነገ እጠይቅዎታለሁ» ብትለኝ ሳቄ አመለጠኝ። ያ ሳቅ «በአገልግሎቱ የተደሰቱ አረጋዊ» ተብሎ በፌስቡክ ገጽዎ ላይ ይገኛል።

5ኛ. ሌላ ቦታ ለምን አታነቡም የሚሉኝ ሰዎች ስላሉ፣ ክቡርነትዎም ይህንኑ ሊያስቡ ስለሚችሉ ልመልስ። ቤቴ ሰፊ ነው። ነገር ግን ባለቤቴ ረቢአ ከሞተች ወዲህ የምኖረው ብቻዬን ነው፤ አንዲት ወጣት ሴት እኔ ቤት ስትገባ ስትወጣ ለእሷም ለእኔም እንደማይሆን ለክቡርነትዎ ማስረዳት አያስፈልገኝም። እሷ ከሌሎች ሴት ተማሪዎች ጋር በአንዲት የኪራይ ክፍል ትኖራለች፤ እዚያ ደግሞ እኔ አልገባም። የሕዝብ ቤት ያስፈለገን ለዚህ ነበር፤ በሩ የተከፈተ፣ አላፊ አግዳሚው የሚያየን ቤት። በስልክ ቅረጽላት ያሉኝም አሉ፤ ቀርጬላታለሁ። ስልክ ግን «ይህ አልገባኝም» ስትለው ወደ ኋላ ተመልሶ አያስረዳም።

ስለዚህ ከአጥርዎ ውጪ፣ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠን እናነባለን። መንገዱ ከአዲስ አበባ ደሴ የሚያልፈው መንገድ ነው፤ ሲኖትራክ ሲመጣ ዓረፍተ ነገሩ ይጠፋል፣ ከላይ እንጀምራለን፣ ሌላው ይመጣል። «ሲኖው ሳይደርስ ቶሎ ይበሉ መምህር» ትለኛለች፤ እኔም በዚህ ዕድሜዬ ስለ አፈር መሸርሸር ከመኪና ጋር እሽቀዳደማለሁ።

ክቡር ሆይ፣ አሁን ግንቦት እየተጋመሰ ነው፤ ፈተናው ቅርብ ነው፤ ከጂኦግራፊው ግማሹ ይቀረናል። አባቷ አቶ ሙሀመድኑር ክፉ ሰው አይደሉም፤ ከሚሴ ላይ የሚያስቀምጧት ለዘንድሮ ብቻ እንደሆነ ግን አስቀድመው ነግረዋታል። ካለፈች ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። ካላለፈች ሁለተኛ ዕድል የላትም።

የምለምንዎ ክፍሉን እንዲከፍቱልን ነው። ሶፋው ላይ አንቀመጥም፤ ሪባኑንም አንነካም፣ ዝቅ ብለን ከሥሩ እንገባለን። ይህ ደንብ የሚጥስ ከሆነ ካርታዎቹን ብቻ ያውጡልን። እሱም የማይቻል ከሆነ ግን ምን እንደምል አላውቅም። ሳስተምር፣ ተማሪ አልገባኝም ሲለኝ በሌላ መንገድ አስረዳው ነበር። ለክቡርነትዎ በቃልም፣ በደብዳቤም፣ በሽማግሌም አስረድቻለሁ፤ ሌላ መንገድ አጣሁ።

ለማዕከሉ ረጅም ዕድሜ፣ ለሪባኑ ጥንካሬ፣ ለአዲሱ የክብር እንግዳ ስብሰባ የሌለበት ሳምንት እየተመኘሁ፣ ከደጃፍዎ ሳልርቅ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ዓብዱልመጂድ ይማም
ጡረተኛ መምህር፤ በመዝገብዎ መሠረት ተደጋፊ አረጋዊ

ተጨማሪ፦ ይህን ጽፌ በአጥርዎ ላይ ልለጥፈው ስወጣ ኢልሃምን ከአባቷ ጋር በራፌ ላይ አገኘኋት። ትምህርት ቤቱ ተማሪዎቹን ለጥናት ስለለቀቀ፣ አባቷ «የሚነበብላት ቦታ ከሌለ እዚህ ምን ትሠራለች?» ብለው ሊወስዷት መጥተዋል። ዕቃዋ በአንድ ማዳበሪያ ተጠቅልሎ በመጡበት ባጃጅ ላይ ነበር። «የሰማሁትን ይዤ እሄዳለሁ መምህር፤ ለፈተናው ቀን እመጣለሁ፣ ዱዓ ያድርጉልኝ» አለችኝ። ስለዚህ ከላይ ያቀረብኩትን ልመና አንስቻለሁ። ለምረቃው አይቸኩሉ ክቡር ሆይ፤ ከእንግዲህ በሩ ላይ የሚጠብቅ ሰው የለም።