የጁማና ሠላሳ ቀን

ነሐሴ 20
እህቴ ጁማና ከስዊድን ገባች። ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ! አባባ ሲሞት እንኳ አልደረሰችም፤ ያኔ ወረቀት አልነበራትም። ዛሬ የእነሱን ፓስፖርት ይዛ በገዛ አገሯ ቱሪስት ሆናለች። ማህተሙ ሠላሳ ቀን ይላል።

ቪዛውን ስንሞላ "የዘጠና ቀኑን ልበለው?" ብላኝ ነበር። "ለምን ትርፍ? የኑሃ ኒካህ መስከረም 18፣ ቪዛሽ እስከ መስከረም 19። አንድ ቀን ይተርፍሻል" አልኳት። ልጄን አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት። ያለ እሷ ምን ኒካህ አለ?

ጳጉሜ 3
ዝናብ። አክስትና ልጅ ከቡራዩ ገፈርሳ ድረስ በእግር ሄደው በስብሰው ገቡ። ጁማና ስትስቅ ቤቱ ሞላ። እንዲህ ስትስቅ የሰማኋት መቼ ነበር?

መስከረም 6
ኑሃ ሱቅ መጣች።
"አባ፣ የአክስቴ ቪዛ መስከረም 14 ያልቃል።"
"ማን አለሽ?"
"ቁጠረው እስቲ።"
በጣቴ ቆጠርኩ። የነሐሴ አሥራ አንድ ቀን... ከዚያ... ጳጉሜ! ደሞዝ የላት፣ ኪራይ የላት፣ ማን ይቆጥራታል? ይህን ደብተር ገለጥኩ። በገዛ እጄ "ጳጉሜ 3" ብዬ ጽፌአለሁ። ጽፌ ረሳኋት! ደደብ።

መስከረም 8
የማራዘሚያ ጥያቄ በኢንተርኔት ላክሁ። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ሞልቼ ተመለሰብኝ። ምን ነክቶኛል? እንደገና ላክሁ።

መስከረም 10
መልስ የለም። ስልኬን ሳይ ዋልኩ። "ቢያልፍስ? አራት ቀን ናት፣ ቅጣቱን እከፍላለሁ" አልኳት። ፊቷ ተለወጠ።
"ስድስት ዓመት ያለ ወረቀት ተደብቄ ኖሬአለሁ፣ የህያ። ፖሊስ ባየሁ ቁጥር መንገድ እየቀየርኩ። ሁለተኛ አንድ ቀን አላሳልፍም።"
ነገ ሰበታ ሄጄ የሙሽራውን አባት አናግራለሁ።

መስከረም 11
ሰበታ፣ የሙሽራው አባት ኦቦ ሀሰኖ ቤት። እንዴት እንዳፈርኩ...
"ኒካሁን ቀደም ብናደርገውስ?"
"ምን ተፈጠረ?"
"ጳጉሜን... ረስቼ።"
"ያ ረቢ! አንተ ደግሞ ነጋዴ ነህ?" በሳቅ ፈረሱ። እኔ አርሬአለሁ፣ እሳቸው ይስቃሉ! በመጨረሻ "ድግሱ አይነካም፣ አዳራሹ ተይዟል፣ የሩቁ ዘመድ ቅዳሜ ነው የሚገባው። ኒካሁን ግን ማክሰኞ እናስር" አሉ።
"ቶለ፣ እሺ" ብዬ ወጣሁ፣ ሐሳብ ሳይቀይሩ።

መስከረም 13
ኒካሁ ታሰረ። እቤታችን፣ የጁማና ሻንጣ በሩ ጋ ቆሞ። ሸሁ ሲጠይቁኝ "ሰጥቻለሁ" አልኩ። ከመጋረጃው ወዲያ ጁማና ስታለቅስ ይሰማኛል።
የማራዘሚያው መልስ ዛሬም የለም። በጊዜ ብልከው ኖሮ...

መስከረም 14
ሸኘናት። አቅፋኝ "በሚቀጥለው ዘጠናውን ነው የምሞላው" አለች። "አንተ ግን እንዳትቆጥርልኝ።"

መስከረም 18
ድግሱ። የገባ ሁሉ "ጁማናስ?" ይለኛል።
"ጳጉሜ በላቻት" እላለሁ።
ይስቃሉ። ኑሃ አልሳቀችም።