የቆመችው ላንድሮቨር ጥፋት

ሰቆጣ፣ ኅዳር 18 ቀን 1963 ዓ.ም.

ዛሬ የገዛ አንደበቴ አስጠላኝ።

ባለፈው ሳምንት አያ ዘውዱ የጭነት መኪናውን ወደኋላ ሲመልስ፣ ገበያው ዳር አቁሜያት የሄድኩትን ላንድሮቨሬን በሯን አጨራመተው። እኔ ውስጧ እንኳ አልነበርኩም! ስንጨቃጨቅ የንስሐ አባቴ መምሬ ገብረ ሥላሴ ደረሱና፣ «ታናሹ አንተ ነህ፤ ጥፋቱ የኔ ነው በልና ጉልበቱን ሳም» አሉኝ። በእኛ አገር ታናሽ የሚታረቀው እንዲህ ብሎ ነው። አልኩ፤ ሳምኩ፤ ታረቅን።

ዛሬ የአያ ዘውዱ መኪና የኢንሹራንስ ሰውዬ፣ የበሬን ማሠሪያ ይከፈለኝ እንደሆነ ሊያጣራ ከደሴ መጣ። በሩን ዞር ብሎም አላየው። «ምስክር አለህ?» አለኝ። እኔ ሞኙ፣ ከቄስ የበለጠ ምስክር የት ይገኛል ብዬ ሮጬ መምሬን አመጣኋቸው።

«አባ፣ ያን ቀን ምን ሰሙ?» አላቸው ሰውዬው።

«ጥፋቱ የኔ ነው ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ መስቀል ይዤ አልዋሽም። ግን እኮ እሱ ለዕርቅ...»

ሰውዬው ጽፎ ጨርሷል። መዝገቡን አጠፈና፣ «በርህን ራስህ አሠራ» ብሎኝ ሄደ። አያ ዘውዱስ? አጠገባችን ቆሞ ጥርሱን እየፋቀ፣ «እኛማ ታርቀናል» ይላል። እንዲህ ያለ ዕርቅ ይቅርብኝ!

መምሬ «ቤቴ አድርሰኝ» አሉኝ። የላንድሮቨሬን የተጨራመተ በር እጀታ ቢጎትቱ ቢጎትቱ እምቢ አላቸው።

«በሩን ክፈትልኝ እንጂ፣ ልጄ።»

«አይከፈትም፣ አባቴ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ በመስኮት ይግቡ» አልኳቸው።