ዞሮ እዚያው የሚመጣ መንገድ

ማክሰኞ

የእሽቅድድም ሜዳ ነው ያሉኝ። በትክክል መስማቴን ለማወቅ ባጃጇን ዳር አስያዝኩና ዞሬ ተሳፋሪዬን ደግሜ ጠየቅኋቸው። አዎ፣ ሞተርና መኪና የሚወዳደሩበት፣ አስፋልት የለበሰ፣ ሰው ዙሪያውን ተቀምጦ የሚያየው ሜዳ። እዚህ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ።

ሰውየው አቶ መኳንንት ይባላሉ። የአንበሳሜ ሰው ናቸው፤ ባሕር ዳር የጭነት መኪኖች አሏቸው። ከማዘጋጃ ቤት ወጥተው ሲቆሙ አገኘኋቸውና ወዳረፉበት ሆቴል እየወሰድኳቸው ነበር።

«እንዲህ ያለ ነገር አይተሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ፣ እንደማላውቅ እርግጠኛ ሆነው።

አውቃለሁ አልኳቸው። ዓረብ አገር የሠራሁበት ቤት አባወራ ልጆቹን እሽቅድድም ይወስዳቸው ነበር፤ እኔም ሞግዚታቸው ስለሆንኩ አብሬ እሄዳለሁ። ድምፁ በጆሮ ብቻ አይደለም የሚሰማው፣ ደረት ውስጥ ይገባል። የተቃጠለ ጎማ ሽታው ልብስ ላይ ያድራል።

ሆቴሉ በር ደርሰንም አልወረዱም። ሴቶች ይመጣሉ? ምግብ ይሸጣል? አጥሩ ከምን ነው የተሠራው? እሳቸው ያዩት በስልክ ብቻ ነው አሉ። ሳቄ መጣ፣ ዋጥኩት።

መጨረሻ ላይ ስልኬን ተቀበሉና ቦታውን ነገሩኝ። ከእብናት መንገድ በላይ ያለው ሜዳ። የእኛ የወል ግጦሽ ነው። የአባቴ በሬዎች ዛሬም እዚያ ናቸው። ይህን አልነገርኳቸውም።

ረቡዕ

ቀኑን ሙሉ ስለሱ ሳስብ ዋልኩ። ተሳፋሪ ሂሳቡን ሲሰጠኝ መልስ መስጠት ረሳሁ። ልጠይቃቸው ያሰብኩት፦

ገንዘቡ ከየት ነው?
ማን ነው እዚህ ድረስ መጥቶ የሚያየው?
ሰው ባይመጣ ሜዳው ተመልሶ ሣር ያበቅላል?

ከሰዓት በኋላ ራሳቸው ደወሉ። ነገ ሚካኤል ስለሆነ ገበሬው ሥራ አይወጣም፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስብሰባ ጠርተዋል። ያየሁትን ለሕዝቡ እንድናገርላቸው ፈለጉ። ሜዳው ከተሠራ የእንግዳ መቀበያው ኃላፊ ትሆኛለሽ አሉኝ። ወር ጠብቆ የሚመጣ ደመወዝ። ባጃጅ ላይ ወገቤን ከመቁረጥ ይሻላል። ገንዘቡን ስጠይቃቸው ግማሹ የራሳቸው፣ ግማሹ ደግሞ የአዲስ አበባ ሸሪካቸውና የባንክ ነው አሉ።

ማታ አገር ቤት ወርጄ ለአባቴ ነገርኳቸው። ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁኝ ስለ መሬቱ አልነበረም።

«የሚሄዱት ወዴት ነው?»

የትም አይሄዱም፣ ዞረው እዚያው ይመጣሉ አልኳቸው።

«ዞሮ እዚያው ለሚመጣ ሰው ጥድፊያው ምንድን ነው?» አሉ። ሳቅኩ።

ሐሙስ

ሰው ሞልቶ ነበር። አቶ መኳንንት ሥዕሉን በትልቅ ወረቀት አሠርተው መጡ። ሜዳችን ተጠምዝዞ እንደ ተኛ እባብ ሆኗል። መብራት ይገባል፣ መንገዱ ይሰፋል፣ ልጆቻችሁ ሥራ ያገኛሉ፣ ካሳም አለ አሉ። በትሕትና ነው የተናገሩት፤ ውሸት ያለበት አልመሰለኝም። ሽማግሌዎቹ አልተቆጡም። እንዲያውም ወረቀቱን ተራ በተራ እየቀረቡ አዩት፤ አንዱ ቤቱን ፈልጎ አጣው።

ከዚያ እኔ ተጠራሁ። ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ሰዉን፣ መብራቱን፣ መኪኖቹ ሲያልፉ እንዴት ዓይን እንደማይከተላቸው። ወጣቶቹ አፋቸውን ከፍተው ሰሙኝ። እኔም ሳላስበው ሞቅ ብሎኝ ነበር።

እማማ አለሚቱ ከኋላ ተነሡ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በሁለት ላሞች የሚተዳደሩ ሴት ናቸው፤ ከግጦሹ ሌላ የሚያሰማሩበት የላቸውም።

«ልጄ ይታይሽ፣ በዓይንሽ ያየሽው አንቺ ነሽ። ላሞቼን እዚያ አጠገብ ታግጃቸዋለሽ?»

አቶ መኳንንት አዩኝ። አባቴ ግን መሬት መሬት ነበር የሚያዩት።

«አላግድም፣ እማማ» አልኩ። «ይደነብራሉ። ሣሩም አይኖርም።»

ሽማግሌዎቹ እንመካከርበት ብለው ተነሡ። አቶ መኳንንት ወረቀታቸውን ጠቅልለው ሳይሰናበቱኝ ሄዱ።

ቤት ስንገባ አባቴ ስለ ግጦሹ አላነሡም። «የድንጋይ ካባውንስ ለምን አይወስዱትም?» አሉ ብቻ።

ዓርብ

ሥራው አመለጠኝ ብዬ ነበር የነቃሁት። ሲነጋ ደግሞ ቁጣ መጣብኝ፤ በማን ላይ እንደሆነ አላውቅም። እንድዋሽላቸው ነበር እንዴ የፈለጉት?

አራት ሰዓት ገደማ አቶ መኳንንት ከሆቴሉ በር ላይ እጃቸውን አነሡልኝ። ፊታቸው የከፋ አልነበረም፣ የደከመ እንጂ። ስለ ካባው ነገርኳቸው። መንገድ ሠሪዎች ድንጋይ ያወጡበት ጉድጓድ ነው፤ ዙሪያው ገደል፣ ውስጡ ጠጠር፣ ፍየል እንኳ የማይገባበት። ውሰጂኝ አሉ።

ጫማቸው አቧራ እስኪጠግብ ዞሩት። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ሳልጠይቃቸው አወሩኝ። ባንኩ እስቲ አገሩ ይርጋ ብሏቸዋል። ሸሪካቸው ሰፊ ሜዳ ከሌለ ገንዘቤን አላወጣም ብሏል። ልጅ ሆነው በአባታቸው ብስክሌት ከአንበሳሜ ቁልቁለት ሲወርዱ ያገኙት ደስታ እስከ ዛሬ አልለቃቸውም። ልጆቻቸው እንኳ ይስቁባቸዋል።

«ለመኪና አይበቃም» አሉ ካባውን እያዩ። «ለሞተር ግን…»

ድምፁ እስከ ግጦሹ ይሰማ እንደሆነ ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው። ማንም አያውቅም። ታዲያ ለምን አንሰማውም? ሐሳቡ የማን እንደነበር አሁን ሳስበው ይምታታብኛል። ሁለታችንም እኩል የተነሣን ይመስለኛል።

ቅዳሜ

አቶ መኳንንት የጠሯቸው ሦስት ሞተር ነጂዎች ካባው ውስጥ ሊነዱ ከከተማ መጡ። ሽማግሌዎቹ ተከፋፈሉ፤ ገሚሱ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ፣ ገሚሱ ግጦሹ ላይ። አባቴ ግን ካባው አፋፍ ላይ ካልቆምኩ አሉ፤ ሊሰሙ ሳይሆን ሊያዩ። እኔ ከእማማ አለሚቱና ከላሞቻቸው ጋር ነበርኩ።

ጠበቅን። ለምን እንደፈራሁ አላውቅም፤ ይሰማል ብዬ ነው ወይስ አይሰማም ብዬ?

መጣ። ራቅ ያለ፣ ከመሬት በታች የሚያጉረመርም ነገር። ቀይዋ ላም ቀና አለች። ጆሮዋን ወደ ካባው አዞረች። እማማ አለሚቱ እጃቸውን ጀርባዋ ላይ አሳረፉ። ላሟ ጥቂት አዳመጠችና አንገቷን ደፍታ ሣሯን ቀጠለች።

«ወፍጮ ቤቱ ይብሳል» አሉ እማማ አለሚቱ። ቅር ያላቸው መሰሉ።

ቤተ ክርስቲያኑ ጋ የቆሙት ግን በደንብ ሰምተነዋል አሉ። አባቴን ሳገኛቸው ጋቢያቸው ዐመድ መስሏል። ጥድፊያው ምን እንደሆነ አሁን ገባዎት ወይ አልኳቸው። «አልገባኝም» አሉ። «ደግመው ቢዞሩ ግን ደስ ይለኝ ነበር።»

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ቃላቸውን ሰጡ። ግጦሹ አይነካም። ካባውን መሞከር ይቻላል፤ ኪራዩ ለቀበሌው ሕዝብ ይሆናል። በሰንበትና በበዓል ሞተር አይነሣም። አቶ መኳንንት ወደ ባሕር ዳር ሳይመለሱ ይህን ሰምተው፣ ተነሥተው እጅ ነሡ። እማማ አለሚቱ ከእሳቸው ቀድመው ወጡ፤ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሲያገኙኝ ትከሻዬን ያዝ አድርገው አለፉ።

ማምሻውን አቶ መኳንንት ደወሉልኝ። ሸሪካቸው ከሥራው ወጥቷል። አስፋልት አይኖርም፣ መቀመጫ አይኖርም፣ ለእኔ ያሉት ሥራም ለጊዜው አይኖርም። አንድ መኪናቸውን ሸጠው ጠጠሩን ያስተካክላሉ፤ መቼ እንደሆነ ግን ቁርጥ አድርገው አልነገሩኝም። ይቅርታ ሊጠይቁኝ ጀመሩ፤ አስቆምኳቸው። የማዝን መስሎኝ ነበር፤ ቀለለኝ እንጂ አላዘንኩም።

ለአባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። «ለመሆኑ ሴት ትነዳዋለች?» አሉ።

«ሞተሩን?»

«ሞተሩን።»

ሴቶች ሲነዱ አላየሁም አልኳቸው። የሚከለክላት ነገር ግን ያለ አይመስለኝም። እኔ የማውቀው ባጃጅ ነው፤ ባጃጅ ሦስት እግር አላት፣ አትወድቅም። ሞተር ላይ ሚዛኑን እንዴት ነው የሚጠብቁት? ከትናንቶቹ ነጂዎች አንዱ ከመናኸሪያው አጠገብ ይሠራል። ነገ በዚያ ሳልፍ ልጠይቀው ነው።