ወደ ጎረቤት የዞረው ግንብ

ለተከበርሽው የልጅ ልጄ፣ ለእመቤት ጭቅጭቅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ድመታችን ከበጋ ጀምሮ በኃይል ይዛው የከረመችውን ወንበሬን ዛሬ ጠዋት በገዛ ፈቃዷ መልቀቋን በታላቅ ደስታ አስታውቃለሁ። ደም አልፈሰሰም። ርክክቡ የተፈጸመው አያትሽ በተገኘችበት ሲሆን፣ ወንበሩ ፀጉር በፀጉር ከመሆኑ በቀር ሌላ ጉዳት የለውም።

እንደምን ሰነበትሽ ልጄ? ወገብሽን ተሻለሽ ወይስ አሁንም እንደ እኔ እያቃሰትሽ ነው የምትነሺው? ባልሽስ፣ ትንሿስ ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን። የእኔ ጉልበት እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል። አያትሽ እኔን ለመቆጣት የሚበቃ ጤና አላት፤ ይመስገን።

ስለ ግንቡ ደጋግመሽ ጠይቀሽኝ መልስ ነፈግሁሽ። በስልክ ወሬ የቀየርኩብሽም መስመሩ ስለተቆራረጠ አይደለም። አፍሬ ነው።

ግንቡስ ቆሟል። ባሕሩ ቤቱን ሳይወስደው አስገንባ እያልሽ ስትወተውቺኝ ግንበኛውን ጠራሁና ተጀመረ። ከግቢያችን በታች ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ተቆፈረ፣ ብረት ታሰረ፣ ሳንቃ ተመታ፣ ኮንክሪት ተሞላ። እኔ ዣንጥላ ይዤ ትእዛዝ ስሰጥ ዋልኩ፤ የሰማኝ አልነበረም። ጋሽ መረቡን መቼም አትረሺውም፣ በስተቀኝ ያለውን ጎረቤታችንን፣ መረብ ጠጋኙን። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ እናቱ ያወጣችለትን እሱ ራሱም የረሳው ይመስለኛል። አጥሩን ተደግፎ፣ ከባሕር ጋር ልትካሰስ ነው ወይ፣ ቀጥለህ ነፋሱን ታጥራለህ እያለ ሲያበሽቀኝ ከረመ። አርባ ዓመት የኖርነው እንዲሁ ነው፤ እሱ ይወረውራል፣ እኔ እመልሳለሁ።

በዚህ ጊዜ ግን አሪፍ መልስ አጣሁ። ግንቡ ድንበራችን ጋ ሲደርስ ግንበኛው ጫፉን ወደ እኛ ግቢ አጥፎ መሬት ውስጥ ሊቀብረው ነበር። ተው አልኩት፤ መጨረሻውን ወደ ጎረቤቴ አዘንብልልኝ፣ ማዕበሉ ግንቡን ታክኮ ይሂድና ጋሽ መረቡን ደጃፉ ድረስ ሰላም ይበልልኝ። ግንበኛው ፊቱ ጠቆረ፣ ይህ ነገር ደስ አይልም አለ። እኔ ሳቄ አላስቆም ብሎኝ፣ ጫማው ቢርስ ነው፣ አልኩት። እውነትም የታየኝ የረጠበ ጫማ ብቻ ነበር።

ክረምቱ ገባና ባሕሩ ተቆጣ። የኛን ግቢ ጠብታ አልነካውም። ማዕበሉ ሁሉ እንዳዘዝኩት ግንቡን ታክኮ እየሮጠ የጋሽ መረቡን ግቢ ቦጨቀው። መረቡን የሚሰቅልበት ዛፍ ከነሥሩ ተነቅሎ ሄደ። የማድ ቤቱ አንድ ማዕዘን አፈሩ ከሥሩ ሸሽቶት ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ሌላ እንዲህ ያለ ቀን ከመጣ የሚተኛበት ክፍል ይከተላል። አያትሽ በመስኮት አየችና፣ "ድሮ ቀልድህ ሲመሽ ይረሳ ነበር፤ አሁን በሲሚንቶ አቆምከው" ብላኝ መጋረጃውን ዘጋችው።

አንገቴን ደፍቼ ሄድኩ። ጆንያ ውስጥ አሸዋ እየሞላ አገኘሁት። መንገድ ላይ ያዘጋጀኋት ቀልድ ምላሴ ላይ ደርሳ ነበር፤ ዋጥኳት። የግንበኛው እጅ አልተሳሳተም፣ ያዘዝኩት እኔ ነኝ አልኩት። የጆንያውን አፍ አስሮ እስኪጨርስ አላየኝም።

"ባሕሩ እንደሚመጣማ አውቅ ነበር" አለኝ። "አንተ እንደምትልክብኝ ግን አላወቅሁም።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ ምን ዋጋ አለው፣ መሬቱንም ጨርሼበታለሁ።

በማግስቱ ግንበኛውን መልሼ አመጣሁት። የተዘነበለውን ጫፍ በመዶሻ አፈረሰው፤ ያን ሲያፈርስ የሰማሁት ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። አዲሱ ጫፍ መጀመሪያ እሱ እንዳለው ወደ እኛ ግቢ ታጠፈ። ማዕበሉ እየወጣ እንዲደክም በጋሽ መረቡ ዳርቻ ትልልቅ ድንጋይ በቁልቁለቱ ላይ እየተደረደረ ነው፤ ከዚያ የማድ ቤቱ መሠረት ይደገፋል። ሰማዩ ደግሞ ጠቁሯል። እንዳይቀድመን ብለን ሁላችንም እንሸከማለን፣ እኔም አቅሜን አውቄ ትንንሹን። የመጀመሪያውን ድንጋይ ሳቀብለው ጋሽ መረቡ ሳቀ፤ አንተ ነህ የተሸከምካት ወይስ እሷ ናት የተሸከመችህ ብሎ ቀለደብኝ። ስለዚህ አታስቢ፣ ታርቀናል።

ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ ግንብ የሚያስገነባ እንደሆነ ከእኔ ምክር እንዳይጠይቅ። ትንሿን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። አያትሽን በጣም ናፍቀሻታል፤ ለዘንድሮ ክረምት የምትሠራልሽ ሹራብ እጅጌው ላይ ደርሳለች። እናትሽ ስትደውል ይህን ታሪክ አንቺው ንገሪያት፣ እኔ ደግሜ መናገር አልችልም።

አያትሽ፣ ከውሃው ዳር ቤት፣
ሐምሌ አጋማሽ፣ ሐሙስ ከሰዓት

ፖስታውን ከማሸጌ በፊት አንድ ነገር ላርም። ጋሽ መረቡ አልሳቀም፣ ስለ ድንጋዩም ምንም አላለኝም። ያን ቀልድ የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ በደህና ቀን ቢሆን ይህን ይለኝ ነበር ብዬ። እሱ ያደረገው፣ ድንጋዩን ከእጄ ተቀብሎ ቦታው ላይ አስቀመጠና፣ ፊቱን ሳያዞር ለሚቀጥለው እጁን ዘረጋ።