ሠላሳ አንድ ቁጥር የሰጠኸው ሥዕል

አስመራ፣ መጋቢት 1997 (እ.ኤ.አ.)

ውድ ሊባኖስ፣

«ውድ» የሚለውን ቃል ከጻፍኩ በኋላ ልሰርዘው ብዕሬን አንስቼ ነበር። ደብዳቤ ያለ እሱ አይጀመርም ተብለን ስለተማርን ብቻ እንዳለ ተውኩት፤ ሌላ ትርጉም አትስጠው። በአማርኛ የምጽፍልህም አዲስ አበባ፣ ዩኒቨርሲቲ ሳለን፣ ስለ ትምህርት ስንከራከር የኖርነው በዚህ ቋንቋ ስለነበረ ነው። በትግርኛ የተነጋገርነው ሌላ ነገር ነበር። ያንን ከዚህ ጉዳይ ጋር አንድ ገጽ ላይ ማኖር አልሆነልኝም።

ባለፈው ሳምንት ከምጽዋ ደውለህ ያልከኝን አልረሳሁትም።

«ፌቨን፣ ቁጥሯን ብቻ ቀይሪያትና አዲሱን ዲስኬት አስገቢ። ኮሚቴው ሲመጣ ሁሉም ደህና ሆኖ ይጠብቀዋል። ማን ያውቃል?»

«ኣደይ ኣብርሄትስ?»

«የትኛዋ ኣብርሄት?»

«እጃቸው የተቃጠለው።»

«እ... ሴትዮዋ! እሷማ ኮምፒዩተር ከግድግዳ ነቅላለች እኮ። አርፋ ብትቀመጥ ምን ነበረበት?»

ከዚያ ሳቅክ። ስልኩን ዘግቼ እጄን ታጠብኩ። ለማጋነን አይደለም የምነግርህ፤ ተነስቼ ሄጄ በሳሙና ታጠብኩ።

ነገሩን በቅደም ተከተሉ ላስቀምጠው። ከዩኒቨርሲቲ ተመልሰን ያቺን ትንሽ ቢሮ ስንከፍት አገሩ ገና አዲስ ነበር፤ ከውጭ የሚመጣውን ሁሉ እዚሁ በእጃችን እንሠራዋለን ብለን እናምን ነበር። ጎዳይፍ ሰፈር ያለው የጨርቅ ማቅለሚያ ቤት የእንፋሎት ቫልቩን በኮምፒዩተር እንድንቆጣጠርለት ሲጠይቀን፣ የመቆጣጠሪያ ካርዱን ራሳችን ገጠምን፤ ሣጥኑን መደበር ገበያ ያሉ ቀጥቃጮች ሠሩልን፤ ካርዱን የሚያዘውን፣ በኮምፒዩተሩ ሥርዓት እምብርት በከርነሉ ውስጥ የሚቀመጠውን ድራይቨር ደግሞ ለሁለት ተካፍለን ጻፍነው። የጋኑን ሙቀት የሚለካውና ቫልቩን የሚዘጋው ትሬድ፣ ያ የሥራ ክር፣ የእኔ ነበር። ሙቀቱን በስክሪኑ ላይ በአረንጓዴ መስመር የሚስለው ያንተ።

ለማሽኑ ምርቃት ልምምድ ስናደርግ መስመርህ ተንገጫገጨ። ፊትህ ጠቆረ። «በእንግዳ ፊትማ እንዲህ አይሄድም» አልክ። በማግስቱ «የእንግዳ ማሳያ» የሚል ነገር ጨምረህ መጣህ፤ እሱ ሲከፈት መስመሩ እንደ ውሃ ይፈስ ነበር። ምን አድርገህ እንደሆነ ጠየቅሁህ። «ከአሳሳሉ ትርፍ ትርፉን ቆረጥኩለት» አልከኝ፣ ዓይኔን እያየህ። አመንኩህ። በዚያ ወቅት አንተን አለማመን የሚባል ነገር አላውቅም ነበር።

ከምርቃቱ በኋላ ለወደቡ ሥራ ወደ ምጽዋ ወረድክ። ማሳያውን የነካው ሰው ስላልነበረ ማሽኑ ደህና ሠራ። ከዚያ የማቅለሚያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ጎብኚዎች ይዞ መጣና ከፈተው። ጎብኚዎቹ መስመሩን አድንቀው ወደ ግቢው ወጡ፤ ማሳያው እንደተከፈተ ቀረ። ጋኑ ላይ የነበሩት ኣደይ ኣብርሄት ብቻ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በማቅለሚያ ቤት ያሳለፉ ሴት። ቀለሙ መፍላት ሲጀምር የማቆሚያውን ቁልፍ ተጫኑ። አልቆመም። ደጋግመው ተጫኑ። ስክሪኑ ላይ ግን ሙቀቱ ቀጥ ብሎ፣ ሰላም ሆኖ፣ አምሮ ይሄድ ነበር። ቀለሙ ገንፍሎ ከጋኑ ወዲያ ይሠሩ ወደነበሩት ሴቶች መፍሰስ ሲጀምር ኣደይ ኣብርሄት ሶኬቱን ለመንቀል ገቡ። ሶኬቱ ከጋኑ ከንፈር ሥር ነው። የፈላው ቀለም በእጃቸው ላይ እየወረደ ነቀሉት። መብራት ሲያጣ ቫልቩ በራሱ ስፕሪንግ ተዘጋ፤ ሌላ ማንም አልተጎዳም።

የተከሰሱት በዚህ ነው። ያለ ፈቃድ ኮምፒዩተር ነቅለው ንብረት አበላሹ ተብለው ከሥራ ሊባረሩ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ይህን ከራሱ አላመነጨውም። ምጽዋ ድረስ ደውሎ ጠየቀህ፤ አንተም ሳትመጣ፣ ሳታይ፣ ሳትጠይቅ «ኮምፒዩተር በድንገት ከተነቀለ ይበላሻል፣ ጥፋቱ የሠራተኛዋ ነው» አልከው። መሐንዲስ ተናገረ ተባለ። መስመሩም ምስክር ሆነባቸው፤ ሙቀቱ ደህና እንደነበረ ስክሪኑ ያሳያል ተባለ።

ድራይቨሩን ከፍቼ ያንተን ክፍል አነበብኩ። የራስህን ትሬድ ቅድሚያ ሠላሳ አንድ አድርገኸዋል። ከሁሉ በላይ ያለውን ቁጥር። የእኔን፣ ቫልቩን የሚዘጋውን፣ ከነበረበት አውርደህ አሥራ ስድስት ላይ አስቀምጠኸዋል። በማሳያው ጊዜ ደግሞ ያንተ ትሬድ ለአፍታ እንኳ እንዳይተኛ አድርገሃል። ከቁጥሩ ጎን አንዲት የማብራሪያ መስመር አልጻፍክም። ስህተት ቢሆን ኖሮ አብሬህ እቀመጥ ነበር፤ ስህተትን አልጸየፍም። ይህ ግን ስህተት አይደለም። የእኔን ቁጥር ለማውረድ መጀመሪያ ፈልገህ ማግኘት ነበረብህ፤ ምን እንደሚሠራ ታውቅ ነበር። አንገሸገሸኝ።

አንተ ያልከውን ዲስኬት አላስገባሁም። ክሱን የሚያየው ኮሚቴ ሲሰበሰብ ጋኑን በቀዝቃዛ ውሃ አስሞላሁና የእንግዳ ማሳያውን ከፈትኩ። ሰብሳቢው የሠራተኞች ማኅበር ሽማግሌ ኣቦይ መንግስትኣብ ነበሩ።

«ኣቦይ፣ እስቲ እርስዎ ራስዎ ማቆሚያውን ይጫኑት» አልኳቸው።

ተጫኑት። መስመሩ ፈሰሰ።

«ነክቼዋለሁ?»

«እወ፣ ነክተውታል።»

«ታዲያ ለምን አይሰማኝም?» ደግመው ተጫኑት፤ ከዚያ በቡጢ መቱት።

ከኋላ አንድ ሠራተኛ፣ «ኣቦይ፣ መታወቂያዎን ያሳዩት!» ብሎ ቤቱን አሳቀው።

ኣደይ ኣብርሄት እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሎ በሩ አጠገብ ቆመው ነበር። አልሳቁም። «እኔም ልክ እንዲህ ነበር የተጫንኩት» አሉ። «የእኔ ውሃ ግን ቀዝቃዛ አልነበረም።»

ሳቁ ቆመ።

ከዚያ አስረዳሁ። ፕሮሰሰሩ አንድ ነው፣ ተራ የሚጠብቁት ሥራዎች ብዙ ናቸው፤ ከርነሉ ማን ይቅደም የሚለውን የሚወስነው በተሰጣቸው ቁጥር ነው። ከአሥራ ስድስት ወደ ላይ ያለ ቁጥር የተሰጠው ሥራ ራሱ ካልተኛ ወይም የሚበልጠው ካልመጣ በቀር ቦታ አይለቅም። ሠላሳ አንድን የሚበልጥ የለም። ስለዚህ መስመሩ እየተሳለ ሳለ ሙቀቱን የሚለካ፣ ቫልቩን የሚዘጋ፣ ቁልፉ መነካቱን የሚሰማ ማንም አልነበረም። ስክሪኑ ላይ ያለው ሙቀት ማሳያው ከመከፈቱ በፊት የተለካው የመጨረሻው ነው፤ እሱን ነው ዝም ብሎ የሚደግመው።

ኣቦይ መንግስትኣብ መነጽራቸውን አውልቀው ጠየቁኝ። «ጓለይ፣ ሥዕል ከእንፋሎት እንዲቀድም ማን ፈቀደ?»

«ሊባኖስ።»

«ለምን?»

«በእንግዶች ፊት እንዳይንገጫገጭ።»

ፊታቸው ሲኮሳተር አየሁ። ስምህ ሲጠራ የሰው ፊት እንዲህ ሲሆን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ አልተከላከልኩልህም።

ኮሚቴው ክሱን ሰርዞ ኣደይ ኣብርሄትን ነፃ አወጣ። ስንወጣ ሥራ አስኪያጁ ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ያዘኝ። «ፌቨን፣ ጥሩ አድርገሽ አስረዳሽ፤ የቐንየለይ፣ አመሰግናለሁ። ግን በሚቀጥለው ወር እንግዶች አሉብን፤ የማሳያው ውበት እንዳይቀንስብን አደራ።» ክንዴን አስለቀቅሁ። ብቻህን አለመሆንህን ያን ጊዜ አወቅሁ። ይህ ግን ላንተ ያለኝን ስሜት በቅንጣት አላቀለለውም፤ እሱ የማያውቀውን ነው የጠየቀው፣ አንተ የምታውቀውን ነው ያደረግኸው።

የእንግዳ ማሳያውን አጥፍቻለሁ። አሳሳሉን ከድራይቨሩ አውጥቼ ከተራ ፕሮግራሞች ጋር አስቀምጬዋለሁ፤ እየተንገጫገጨ ይሳላል። ቫልቩን የሚዘጋው ትሬድ ከእኛ ሥራዎች ሁሉ በላይ ሆኗል፤ ለክቶ፣ ወስኖ፣ ወዲያው ይተኛል። ለማቆሚያውም ኮምፒዩተሩን ማስፈቀድ የማያስፈልገው ማብሪያ ማጥፊያ ከጋኑ ራቅ ብሎ ግድግዳው ላይ አስገጥሜያለሁ። ያንተን ሳልነካ እንዳለ ገልብጬ ለኮሚቴው ሰጥቻለሁ። ቢሮውን ዘግቼ ቁልፉን ለአከራዩ መልሻለሁ። ስለ ሌላው፣ ስለ ሁለታችን፣ የምጽፈው የለኝም፤ ቤተሰቦቼ ሲጠይቁኝ ቀርቷል ብያቸዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አልተፈታም። ሐኪሙ የኣደይ ኣብርሄት የቀኝ እጅ ጣቶች ከእንግዲህ እንደ ቀድሞው እንደማይጨብጡ ነግሯቸዋል። ነፃ በወጡ ማግስት ቤቴ መጥተው፣ «ያ በስልክ ጥፋቱ የእሷ ነው ያለው ልጅ መልኩ ምን ይመስላል?» ብለው ጠየቁኝ። ፎቶግራፍህን ላሳያቸው ተነሳሁ። «ኣይፋል፣ ፎቶ አልፈልግም። ይየኝ ነው የምለው» አሉ። አብሬዎት ልውረድ ስላቸውም እምቢ አሉኝ። «አንቺ ካለሽ የሚያወራው ለአንቺ ነው።»

ስለዚህ ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ በቤት ጊዮርጊስ መንገድ ወደ ምጽዋ ይወርዳሉ። ይህን ወረቀት የሰጡህ እሳቸው ናቸው፤ ይህን መስመር ስታነብ ፊት ለፊትህ ቆመዋል። የተጻፈውን በትግርኛ አንብቤላቸዋለሁ፤ ሌላ ትርጉም ልትፈልግለት አትድከም። የምጽዋ ፀሐይ ለተቃጠለ ቆዳ አይሆንም፤ ወደ ጥላ አስገባቸው፣ ወንበር ስጣቸው። ለእኔ መልስ አትጻፍ። የምትለው ካለህ ቀና ብለህ ለእሳቸው ንገራቸው።

ፌቨን ሃብተሚካኤል